አዲሱ ሙዚየም የት ይቁም? ቦታ ለሚመርጡ ከተሞች የንጽጽር መመሪያ

አንድ ከተማ «ሙዚየም ልሥራ» ብሎ ሲነሣ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋው የሕንፃው ምስል ነው። ጣሪያው ያብረቀርቃል፤ ደጁ ሰፊ አደባባይ ነው፤ አደባባዩ ላይ ፊኛ የያዙ ልጆች ይሯሯጣሉ። ምስሉ ከተወደደ በኋላ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ለመሆኑ የት ነው የሚሠራው?» ይላል። መልሱም ብዙ ጊዜ «ባዶ መሬት ያለበት» ይሆናል።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዐውደ ርዕይ ቢሰለች ይቀየራል፤ የመግቢያ ክፍያ ቢከብድ ይቀነሳል፤ ሕንፃ ቢያረጅ ይታደሳል። ቦታ ግን አንዴ ከተመረጠ የልጅ ልጆች ዕዳ ወይም በረከት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ስለ ጣሪያ ቅርጽ አንነጋገርም። መጀመሪያ መመዘኛዎቹን እናስቀምጣለን፤ ከዚያ ከተሞች የሚያቅማሙባቸውን አማራጮች አንድ በአንድ እንፈትሻለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያውና ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው መመዘኛ የተራ ማክሰኞ ፈተና ነው። የምረቃው ዕለት ሁሉም ይመጣል፤ ያውም መኪና ተመድቦለት። ጥያቄው ከምረቃው ሦስት ዓመት በኋላ፣ በአንድ ተራ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳይጠራው በእግሩ የሚገባው ማን ነው የሚለው ነው። አርባ ተማሪዎች የያዘች መምህርት ከጠዋቱ ትምህርት ሰዓት ሳትሻማ ደርሳ መመለስ ትችላለች? ከሥራ የወጣ ሰው ሳይዘጋ ይደርሳል? በዊልቸር የሚሄድ ሰው ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ በሩ ስንት ደረጃ ይጠብቀዋል? ጎብኚ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚመጣው ቦታው በዕለት መንገዱ ላይ ሲሆን ነው።

ሁለተኛው የስብስቡ፣ ማለትም ሙዚየሙ የያዛቸው ቅርሶች፣ ደህንነት ነው። ይህን የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ይዘነጉታል፤ የሙዚየም ሰዎች ግን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣቸው እሱ ነው። በኅዳር 1966 የአርኖ ወንዝ ፍሎረንስን ሲያጥለቀልቅ በወንዙ ዳር ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ የነበሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትና ሰነዶች ጭቃ በላቸው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ፣ በሰኔ 2016፣ የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ሴይን ወንዝ ስለሞላ በሩን ዘግቶ ከምድር ቤት ቅርስ ሲያወጣ ሰነበተ። ውኃ ብቻ አይደለም፤ የባቡር ንዝረት፣ የፋብሪካ ጭስ፣ የእሳት አደጋ መኪና የማያስገባ ጠባብ መንገድ ሁሉም በዚህ መመዘኛ ውስጥ ይገባሉ።

ሦስተኛው ወጪ ነው፤ ሁለት ዓይነት ወጪ። የመሬቱና የግንባታው በጀት ስብሰባ ላይ ይነሣል። የዘበኛው፣ የመብራቱ፣ የቅዝቃዜና እርጥበት መቆጣጠሪያው፣ የጎብኚ ማመላለሻው የየዓመቱ ወጪ ግን አይነሣም። ርካሽ መሬት ላይ የተሠራ ሙዚየም አውቶቡስ ማሠማራት ካስፈለገው ርካሽነቱ ከአሥር ዓመት በላይ አይዘልቅም።

አራተኛው የማስፋፊያ ቦታ ነው። ስብስብ ያድጋል እንጂ አያንስም። አምስተኛው ደግሞ ቦታው ላይ አሁን ማን አለ የሚለው ነው። ነዋሪ ተነሥቶ ከተሠራ የባህል ተቋሙ ሕይወቱን በቂም ይጀምራል። ሳይነሣም ቢቀር፣ አካባቢው ሲያምር ኪራይ ሲንር፣ ሙዚየሙ የተሠራለት ሰፈርተኛ ጥግ ይዞ ይወጣል።

አማራጭ አንድ፦ መሀል ከተማ

ተራውን ማክሰኞ በቀላሉ የሚያልፈው ይህ ነው። ሰው እግረ መንገዱን ይገባል፤ ዝናብ ሲጥል ይጠለላል፤ ሰው ሲጠብቅ ያያል። የፓሪሱ ፖምፒዱ የሥነ ጥበብና የባህል ማዕከል በ1977 ሲከፈት ከተማዋ እምብርት ላይ፣ ቦቡር በሚባለው ሰፈር ነበር። ብዙ ሰው የሚያወራው ቧንቧዎቹን ከውጭ ስላንጠለጠለው ሕንፃ ነው። ከቧንቧው ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነው፤ አርክቴክቶቹ ሬንዞ ፒያኖና ሪቻርድ ሮጀርስ ከተሰጣቸው መሬት ግማሽ ያህሉን ሕንፃ ሳይሠሩበት አደባባይ አድርገው ተዉት። ማዕከሉ በ2025 ለእድሳት እስኪዘጋ ድረስ ውስጡ ማንም የሚገባበት ትልቅ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነበረ። ለፈተና ሊያጠና የመጣ ተማሪ ሥዕል አይቶ ይወጣ ነበር። ይህን ዓይነት ጎብኚ ከከተማ ወጣ ብሎ የተሠራ ሙዚየም በምንም ዓይነት ማስታወቂያ አያገኘውም።

ችግሩ ጥበቱ ነው። የካይሮው የታሕሪር አደባባይ የግብፅ ሙዚየም በ1902 ሲከፈት ሰፊ ነበር፤ ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ ግን ቅርሱ መተላለፊያው ላይ ተደራርቦ ጎብኚና ሐውልት ትከሻ ለትከሻ ይጋፉ ነበር። መሀል ከተማ መሆን ሌላም ዋጋ አለው። በጥር 2011 ታሕሪር የግብፅ አብዮት ልብ ሲሆን ዘራፊዎች ወደ ሙዚየሙ ሰብረው ገቡ። ያን ሌሊት ተራው ሕዝብ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሙዚየሙን ዙሪያውን አጠረው። ቦታው አደጋውንም ጠባቂውንም ያመጣው በአንድ ጊዜ ነው፤ ራቅ ካለ ማን ይደርስለት ነበር?

መሬት ከጠፋ ወደ ታች መቆፈርም አለ። የሄልሲንኪው አሞስ ሬክስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2018 የተከፈተው በአንድ መሀል ከተማ አደባባይ ሥር ነው፤ ጣሪያው ላይ ጉብታ ጉብታ የሠራው መሬት የልጆች መንሸራተቻ ሆኗል። በዋሽንግተን ሐውልቶች በተደረደሩበት ሰፊ ሜዳ ላይ በ2016 የተከፈተው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየምም ከግማሽ በላዩ ከምድር በታች ነው። ምድር ቤት መቆፈር ርካሽ አይደለም፤ የከርሰ ምድር ውኃ ካለ ደግሞ ሁለተኛው መመዘኛ ላይ ይወድቃል።

አማራጭ ሁለት፦ የሙዚየም ሰፈር

ሙዚየሞችን በአንድ ሰፈር ማጎር የቆየ ሐሳብ ነው። በበርሊን በስፕሬ ወንዝ ደሴት ላይ የመጀመሪያው ሙዚየም በ1830፣ አምስተኛው በ1930 ተከፈቱ፤ አንድ መቶ ዓመት የፈጀ ሥራ መሆኑ ልብ ይባል። በለንደን ደግሞ ከ1851ዱ ታላቁ ኤግዚቢሽን በተረፈው ትርፍ በደቡብ ኬንሲንግተን ሰፊ መሬት ተገዛ፤ ዛሬ የሳይንሱ፣ የተፈጥሮ ታሪኩና የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየሞች እዚያ ጎን ለጎን ናቸው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቤተሰብ አንድ ጊዜ ወጥቶ ሁለት ነገር ያያል፤ ጥበቃው፣ የጥገና ክፍሉ፣ መጋዘኑ፣ ትኬቱ በጋራ ይሆናል፤ የማይታወቀው ትንሽ ሙዚየም በታዋቂው ጎረቤቱ ጥላ ያድራል። ጉዳቱ ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከተማዋ ያላትን ሁሉ አንድ ሰፈር ላይ ትጨምራለች፤ ሌላው ሰፈር ያያል። ሁለተኛ፣ ሙዚየም ብቻ ያለበት ሰፈር በሮቹ ሲዘጉ የመቃብር ስፍራ ይመስላል።

ሁለተኛውን ችግር ቪየና በብልሃት አልፋዋለች። በ2001 የተከፈተው የሙዚየም ሰፈሯ የቀድሞ የንጉሠ ነገሥቱ የፈረስ ጋጣ ነው። ግቢው ሌሊትም ቀንም ክፍት ነው፤ መግቢያ አይከፈልበትም፤ ሰው የሚጋደምባቸው ትልልቅ ባለ ቀለም መቀመጫዎች ተበትነውበታል። ብዙ ወጣት ሙዚየም ሳይገባ እዚያ ያመሻል። አንዳንድ የበጀት ሰዎች «ገቢ የማያመጣ ሰው ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። እኔ ግን ግቢው ውስጥ ያመሸ ሰው በሩን ለማለፍ ሃያ እርምጃ ብቻ ነው የቀረው እላለሁ።

ይህን አማራጭ የሚያስብ ከተማ ቢያንስ ሁለት ተቋማት አስቀድሞ ሊኖሩት ይገባል። ከባዶ ሜዳ ተነሥቶ አምስት ሙዚየም በአንድ ጊዜ ልክፈት የሚል ዕቅድ ስመለከት የበርሊንን መቶ ዓመት አስታውሳለሁ።

አማራጭ ሦስት፦ የተዘጋ ፋብሪካ፣ የተተወ ወደብ

አሁን ከተሞችን ሁሉ ያማለለው ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንየው።

የስፔኗ ቢልባዎ ስም ይነሣል። ብረቷና መርከብ ሥራዋ ከወደቀ በኋላ በ1997 በኔርቪዮን ወንዝ ዳር በአርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ የተነደፈው ጉገንሃይም የተባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ጎበኘው። ከዚያ ወዲህ የዓለም ከንቲባ ሁሉ «የእኛን ቢልባዎ» ይላል። ግን የሚተረከው ታሪክ ግማሹ ነው። ከሙዚየሙ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1995፣ ከተማዋ ሜትሮ፣ የከተማ ውስጥ ባቡር፣ ከፍታ ነበር። ወንዙን የማጽዳት ሥራ ለዓመታት ሲካሄድ ነበር። ወደቡ ከመሀል ከተማ ወደ ባሕሩ አፍ እየተዛወረ ነበር። ሙዚየሙ የቤቱ ምሰሶ ሳይሆን ጉልላቱ ነበር። ጉልላት ብቻውን መሬት ላይ ቢቀመጥ ምን እንደሚመስል መገመት ነው።

የለንደኑ ቴት ሞደርንም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ባንክሳይድ የተባለው የኃይል ማመንጫ በ1981 ተዘግቶ ቆመ። በ2000 ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት በዓመት 2 ሚሊዮን ጎብኚ ታስቦ ከ5 ሚሊዮን በላይ መጣ። ለምን? መግቢያው ነፃ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት በአቅራቢያው አዲስ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ተከፍቷል። ከወንዙ ማዶ ካለው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጋር የሚያገናኘው የእግረኛ ድልድይ በዚያው ዓመት ተሠራ። ድልድዩ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ስለተወዛወዘ ተዘግቶ እስከ 2002 ጥገና ላይ ነበር፤ ያሠሩት ሰዎች ግን ድልድይ ያስፈልጋል ማለታቸው ትክክል ነበር። ቦታው የተተወ ይመስል እንጂ ከከተማዋ እምብርት የሚለየው ወንዝ ብቻ ነበር።

ስለዚህ አሮጌ ፋብሪካ ሲታይ መጠየቅ ያለበት «ያምራል?» ሳይሆን «ከሰው መንገድ በስንት ደቂቃ ይርቃል?» ነው። ውበትማ አለው፤ የኬፕ ታውኑ ዛይትስ የአፍሪካ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2017 የተከፈተው በአሮጌ የእህል ጎተራ ውስጥ ነው፤ ቱቦ ቱቦ የሆኑት የኮንክሪት ማከማቻዎች ተፈልፍለው የገዳም ዋሻ የሚመስል አዳራሽ ወጥቷቸዋል። የፓሪሱ ኦርሴም በ1900 የባቡር ጣቢያ ሆኖ ተሠርቶ በ1986 ሙዚየም ሆኗል።

ሁለት የተደበቁ ወጪዎች አሉ። ፋብሪካ የቆመበት አፈር ዘይት፣ እርሳስ ወይም አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ አፈሩ ሳይመረመር ዋጋ ተተመነ ማለት በጀቱ አልተሠራም ማለት ነው። ወንዝና ባሕር ዳር ደግሞ የውኃው ጉዳይ ይመለሳል። የኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ወደ ሃድሰን ወንዝ ዳር ሊዛወር እየተገነባ ሳለ በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ግንባታውን አጥለቀለቀው፤ በ2015 የተከፈተው ሕንፃ የጎርፍ መከላከያ እንዲጨመርበት ዲዛይኑ እንደገና ታይቷል። በዚያ ላይ እንደ ዕድል የሚቆጠረው ቅርሱ ገና ሳይገባ ውኃው መምጣቱ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማንሣት አለብኝ፤ ለቦታ ብቻ እየተሟገትኩ እንዳይመስል። በእንግሊዟ ሼፊልድ በ1999 የዘመናዊ ሙዚቃ ማዕከል ተከፈተ። ከባቡር ጣቢያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ቦታው ምንም አይወጣለትም። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ተዘጋና ሕንፃው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ቤት ሆነ። ውስጡ ያለው ነገር ሰውን ሁለተኛ ካላመጣ ጥሩ ቦታ የሚያደርገው ውድቀቱን ብዙ ሰው እንዲያየው ነው።

አማራጭ አራት፦ ባህል ያልደረሰበት ሰፈር

በ1967 የስሚዝሶኒያን ተቋም በዋሽንግተን ትልልቆቹን ሙዚየሞቹን ትቶ አናኮስቲያ በሚባለው የድሃና የጥቁሮች ሰፈር በአንድ የተዘጋ ሲኒማ ቤት ትንሽ ሙዚየም ከፈተ። ሐሳቡ መሀል ከተማ ላለው ሙዚየም ጎብኚ መመልመያ እንዲሆን ነበር። ሰፈሩ ግን የራሱ አደረገው። በ1969 ካዘጋጃቸው ዐውደ ርዕዮች አንዱ ስለ አይጥ ነበር። አዎ፣ ስለ አይጥ፤ የሰፈሩ ልጆች ቤታቸው ውስጥ የሚኖሩበት ችግር ነበርና። መሀል ከተማ ያለ የትኛውም ሙዚየም ይህን ርዕስ አይደፍረውም ነበር። ቦታ ዐውደ ርዕዩን ራሱን እንደሚለውጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የኮሎምቢያዋ ሜዴሊን ይህንኑ በትልቁ ሞከረችው። በተራራ ላይ የተንጠለጠሉትን ድሃ ሰፈሮች በ2004 በኬብል መኪና፣ በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ በሚሄድ፣ ከሜትሮዋ ጋር አገናኘች፤ ከዚያ በ2007 ከነዚህ ሰፈሮች አንዱ በሆነው ሳንቶ ዶሚንጎ ላይ ቤተ መጻሕፍትና የባህል ማዕከል የያዘ ግዙፍ ሕንፃ አቆመች። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ መንገዱ መጀመሪያ፣ ሕንፃው ኋላ። የሚያሳዝነው ሕንፃው ራሱ የግንባታ ጉድለት ተገኝቶበት ለዓመታት መዘጋቱ ነው። ለድሃ ሰፈር የሚሠራ ሕንፃ ከመሀል ከተማው ይልቅ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ጥገና ሲያስፈልገው በጀት ለማግኘት ወረፋው ረጅም ነው።

በዚህ አማራጭ ጎብኚ ቁጥር ብቻ ከተቆጠረ ሁልጊዜ ይሸነፋል። ስለዚህ የሚመርጠው ከተማ መለኪያውን አስቀድሞ ይለውጥ፤ ስንት ሰው ገባ ከማለት ይልቅ ከገቡት ውስጥ ሌላ ሙዚየም ረግጦ የማያውቀው ስንቱ ነው ብሎ ይቁጠር።

አማራጭ አምስት፦ ከከተማ ወጣ ብሎ

አጭር ነው። ስፋትና የማስፋፊያ ቦታ ይገኛል፤ ተራው ማክሰኞ ግን ይጠፋል። የሚያዋጣው ወይ ስብስቡ የዓለምን ሰው የሚጎትት ሲሆን ነው፣ ወይም ጎብኚው ቀድሞውኑ ወደዚያ የሚሄድ ሲሆን። ታላቁ የግብፅ ሙዚየም ከጊዛ ፒራሚዶች 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መሠራቱ በዚህ ሒሳብ ትክክል ነው፤ ቱሪስቱ ከሙዚየሙ በፊትም እዚያ ነበር። የሎስ አንጀለሱ ጌቲ ማዕከል፣ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ በ1997 ኮረብታ አናት ላይ ሲሠራ ከግርጌው ጎብኚ የሚያወጣ የራሱ ትራም አስፈልጎታል። ትራም መሥራት የሚችል ባለጸጋ ድርጅት ላለው ምንም አይደል።

በመካከል የሚወድቅ አንድ ምሳሌ አለ። በ2012 ሉቭር ቅርንጫፉን በሰሜን ፈረንሳይ ላንስ በምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ፣ በቀድሞ የማዕድን ጉድጓድ ላይ ከፈተ፤ ከፓሪስ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ። ዋናው አዳራሹን በነፃ አደረገው። ባይሆን ኖሮ የማዕድን ሠራተኞቹ ልጆች የሌላ ከተማ እንግዳ ሲገባ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

አማራጭ ስድስት፦ ታሪኩ በተፈጸመበት ቦታ

ለመታሰቢያና ለአርኪዮሎጂ ይህን የሚያህል የለም። የአቴንሱ የአክሮፖሊስ ሙዚየም በ2009 ሲከፈት ከኮረብታው ሥር ሆነ፤ ላይኛው ፎቅ ላይ የቆመ ሰው ቅርጻ ቅርጹንና የመጣበትን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ ፓርቴኖንን፣ በአንድ ዓይን ያያል። ለግንባታው ሲቆፈር ጥንታዊ ሰፈር ተገኘ፤ ወለሉ መስተዋት ሆኖ ከሥሩ ይታያል። ደቡብ አፍሪካ ይህን አማራጭ በተለያየ መልኩ ታሳያለች። የሮበን ደሴት እስር ቤት ሙዚየም የሆነው እዚያው ደሴቱ ላይ ነው፤ ጎብኚው በጀልባ መሻገሩ ራሱ የትረካው ክፍል ነው። የጆሃንስበርጉ የአፓርታይድ ሙዚየም ግን በ2001 የተከፈተው ከመዝናኛ ፓርክና ከካዚኖ አጠገብ ነው፤ የቁማር ቤቱ ፈቃድ ሲጠየቅ ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም ነገር ሥሩ ስለተባለ። ሙዚየሙ ጠንካራ ነው፤ ግን ከእሱ ወጥቶ በፓርኩ የመዝናኛ ባቡር ላይ የሚጮኹ ልጆችን መስማት የሚፈጥረውን ስሜት ማንም አላቀደውም።

መሰናክሉ ታሪክ ቦታ መርጦ አለመፈጸሙ ነው። ቦታው ሩቅ፣ ተዳፋት፣ ወይም ሕንፃ ቢቆምበት የሚጠፋ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ቦታውን በመንገድና በምልክት ብቻ ጠብቆ፣ ስብስቡን ደህና ወደሆነ ቅርብ ቤት ማድረስ ይሻላል።

አማራጭ ሰባት፦ አለመሥራት

ስብሰባ ላይ የማይነሣው ይህ ነው። በ2016 የሄልሲንኪ ምክር ቤት የጉገንሃይም ቅርንጫፍ በወደቡ ይሠራ የሚለውን ሐሳብ 53 ለ32 ጣለው። ከተማዋ ያለ ባህል አልቀረችም፤ ከላይ ያነሣነው አሞስ ሬክስ በ2018 ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኦዲ የተባለው ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ከፓርላማው ፊት ለፊት ተከፈተ። ጣሪያው የሚያፈስ፣ መዝገቡ ያልተሟላ፣ ሠራተኛው ያነሰ አሮጌ ሙዚየም ያላት ከተማ አዲስ ሕንፃ ስትጀምር ሁለት የሚያፈስ ጣሪያ ለመያዝ እየተዘጋጀች ነው።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | ተራ ማክሰኞ | የስብስብ ደህንነት | ወጪ | ማስፋፊያ | ለሰፈሩ ያለው ስጋት |
|---|---|---|---|---|---|
| መሀል ከተማ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | መሬቱ ውድ፣ ማስኬጃው ዝቅተኛ | ጠባብ | ነዋሪ ማፈናቀል |
| የሙዚየም ሰፈር | ጥሩ፣ ማታ ደካማ | ጥሩ፣ ጥበቃው የጋራ | መካከለኛ | እንደ ግቢው ስፋት | ሌሎች ሰፈሮች መረሳት |
| አሮጌ ፋብሪካና ወደብ | እንደ መንገዱ | የጎርፍና የአፈር ስጋት | መሬቱ ርካሽ፣ እድሳቱ ውድ | ሰፊ | የኪራይ መናር |
| ባህል ያልደረሰበት ሰፈር | ለሰፈርተኛው ጥሩ፣ ለሌላው ደካማ | ለትንሽ ስብስብ ይበቃል | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ጥገና መረሳት |
| ከከተማ ውጪ | ደካማ | ጥሩ | መሬቱ ርካሽ፣ ማመላለሻው ውድ | በጣም ሰፊ | ዝቅተኛ |
| የታሪኩ ቦታ | እንደ ርቀቱ | ይለያያል | ይለያያል | ብዙ ጊዜ የተከለከለ | ቦታውን ራሱን ማበላሸት |
| አለመሥራት | ያለው ይቀጥላል | ጥገናው ከተሠራ ይሻሻላል | ዝቅተኛ | የለም | የለም |

ሠንጠረዡ ላይ ድምር ነጥብ ያልሰጠሁት ሆን ብዬ ነው። ነጥብ ሲደመር ደህንነት ላይ የወደቀ ቦታ በማስፋፊያ ነጥቡ ያልፋል፤ ጎርፍ ግን አማካይ አያውቅም። ደህንነት ማጣሪያ ይሁን፤ ያላለፈ ቦታ ለሌላው መመዘኛ አይቅረብ።

ለማን የትኛው?

በጀቱ ጠባብ ለሆነ ከተማ፦ መሀል ከተማ ያለ የሕዝብ አሮጌ ሕንፃ ይፈለግ፤ ፖስታ ቤት፣ ጣቢያ፣ ሲኒማ። ትንሽም ቢሆን። ገንዘቡ ከግድግዳ ይልቅ ለሠራተኛና ለዐውደ ርዕይ ይውጣ። የመጀመሪያው ምርጫ ግን ያለውን መጠገን ነው።

መካከለኛ በጀትና ትልቅ ስብስብ ላለው፦ መጋዘንና ማሳያን መነጣጠል። ለሕዝብ የሚታየው የስብስቡ ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ታዲያ ሌላው ለምን ውድ መሬት ላይ ይተኛል? ሉቭር በጎርፍ ስጋት ምክንያት ማከማቻውን ላንስ አጠገብ ወዳለችው ሊየቫን ማዛወር ጀመረ፤ የማከማቻ ማዕከሉ በ2019 ተከፈተ። የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ደግሞ በ2025 በምሥራቅ ለንደን የኦሎምፒክ ፓርክ ማከማቻውን ራሱን ለጎብኚ ክፍት አደረገው፤ ሰው ቀጠሮ ይዞ የፈለገውን ዕቃ ወጥቶ እንዲቀርብለት ይጠይቃል። አብዛኛው ከተማ መሀልን ከዳር አማርጦ የሚጨነቀው ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር መሆን ያለባቸው ስለሚመስለው ነው።

ቱሪስት ለሚፈልግ፦ ቱሪስቱ አሁን የሚሄድበትን መንገድ ተከትሎ መሥራት። አዲስ መስህብ ቱሪስትን ከመንገዱ ሊያስወጣው የሚችለው በጣም አልፎ አልፎ ነው፤ ቢልባዎም ያን ያደረገችው ከሌላ ብዙ ሥራ ጋር ነው።

የልጆች የሳይንስ ማዕከል ለሚያስብ፦ አንድ መመዘኛ ብቻ ይበቃል፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የት ይቆማል? ትልቅ ግቢ ያለው፣ ከአስፋልት መንገድ የሚያስገባ፣ ልጅ መንገድ ሳያቋርጥ የሚወርድበት ቦታ ከሆነ መሀል ከተማ ባይሆንም ይሠራል። የሳይንስ ማዕከል ጎብኚ እግረ መንገዱን የሚመጣ ሳይሆን በቡድን የሚመጣ ነው።

ለቴአትርና ለሙዚቃ አዳራሽ ነገሩ ሌላ ነው፤ ትርኢቱ የሚያልቀው ሌሊት ስለሆነ መለኪያው መምጫው ሳይሆን መመለሻው ነው። የመጨረሻው አውቶቡስ ከመጋረጃው በፊት የሚሄድ ከሆነ አዳራሹ መኪና ላላቸው ብቻ ተሠርቷል።

ከመፈረም በፊት

ለመጨረሻ የቀሩ ሁለት ወይም ሦስት ቦታዎች ሲኖሩ ብዙ ከተሞች ጥናት ያዝዛሉ። ጥናቱ ይታዘዝ። ከሱ ጎን ለጎን ግን የሚከተለው ምንም አያስወጣም። የኮሚቴው አባላት ያለ ሾፌር፣ ያለ መኪና፣ በሥራ ቀን፣ ከከተማዋ አራት ማዕዘን ተነሥተው በሕዝብ ትራንስፖርት ወደ ቦታው ይምጡ፤ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ስንት ጊዜ እንደቀየሩ፣ የመጨረሻውን መንገድ በምን እንደሄዱ ይጻፉ። አንዱ አባል የልጅ ጋሪ እየገፋ ይምጣ። ክረምት ሲገባ ቦታው ይታይ፤ በዕድሜ የገፉ ጎረቤቶች ውኃ እስከ የት እንደደረሰ ይጠየቁ፤ ከካርታው የሚሻል መረጃ አላቸው። ከዚያ ቦታው ላይ ድንኳን ወይም አንድ የተጠገነ ክፍል ተዘጋጅቶ ለስድስት ወር ትንሽ ዐውደ ርዕይ ይታይበት፤ በር ላይ የሚቀመጠው ሰው የገባውን ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦ «ዛሬ እዚህ የመጡት ለዚህ ብለው ነው ወይስ ሲያልፉ አይተው?» ሲያልፉ አይተው ያሉት ጥቂት ከሆኑ የማመላለሻ አውቶቡሱ የሃያ ዓመት ወጪ ከግንባታው በጀት ጋር አብሮ ለምክር ቤቱ ይቅረብ።